የድሮው መንደር... የማን መንደር?

እቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። እናቴ የገዛችው ነው። ከዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በቸርችል ጎዳና ስታልፍ ከስጦታ ዕቃ መሸጫዎቹ በአንዱ መስኮት አይታው «ሲሬን መሰለኝ» ብላ፣ ተከራክራ፣ በጋዜጣ አስጠቅልላ አመጣችው። ግርጌው ላይ ፊርማ ቢጤ አለበት፤ ግን አይነበብም።

አንባቢ «ይህን ሥዕል አላውቀውም» እንዳይለኝ። ያውቀዋል። እሱን ባያይ ወንድሙን አይቷል፤ በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በባህል ምግብ ቤት ግድግዳ፣ በአዲስ ዓመት ካላንደር ላይ። ከሸራው ግርጌ የሚነሳ የአፈር መንገድ እየጠበበ ወደ ተራራው ይሄዳል። በግራና በቀኝ የሣር ክዳን ጎጆዎች ተሰልፈዋል። ከየጎጆው አናት ጭስ ይወጣል፤ ከየበሩም ወርቅ የመሰለ ብርሃን። አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሁለት በሬዎች ወደ ቤት ይገባሉ። በመንገዱ መሐል፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ እንስራ ያዘለች ልጃገረድ ትሄዳለች። ጀንበር ከተራራው ጀርባ እየጠለቀች ነው። ተራራው የትኛው እንደሆነ ሠዓሊው ብቻ ያውቃል፤ እናቴ ግን ጭላሎ ነው ብላ ወስናለች።

እንግዲህ ስለዚህ ሥዕል ልጽፍ ነው። ፊርማው የማይነበብ ሠዓሊ ላይ ሒስ መጻፍ ጥላን እንደ መደብደብ እንደሚቆጠር አላጣሁትም። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በኤግዚቢሽን ከሚታዩት ይልቅ ብዙ ዓይን ያርፍባቸዋል። ልጆቻችን የአያቶቻቸውን አገር የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእነዚህ ግድግዳዎች ነው። ብዙ ሰው የሚያምነውን ነገር ደግሞ ሃያሲ «ይህ የገበያ ሥራ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ሒስ ማንቋሸሽ ብቻ የሚመስላቸው ስላሉ፣ አስቀድሜ የሠዓሊውን ችሎታ ልመስክር። ጭሱን ያውቅበታል። የደጋ ምሽት ጭስ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከክዳኑ ሣር ውስጥ ይጣራል፤ ጣራው ላይ ትንሽ ይተኛል፤ ከዚያ ነው የሚነሳው። ሠዓሊው ይህን በቀጭን ብሩሽ፣ ሳይቸኩል ሠርቶታል። በሬዎቹም ደክመዋል፤ ጭንቅላታቸው ከጫንቃቸው በታች ወርዷል። እንዲህ ያለውን ነገር ያላየ ሰው አይስለውም። ስለዚህ ክሴ «አይችልም» የሚል አይደለም። ክሴ «እያወቀ ተወው» የሚል ነው።

ከክዳኑ እንጀምር። አዲስ የተከደነ ጎጆ ወርቃማ ነው። ሁለትና ሦስት ክረምት ሲመታው ግራጫ ይሆናል፤ ሲቆይ ይጠቁራል፤ እዚህም እዚያም ይጣፋል። በእውነተኛ መንደር ውስጥ የአንዱ ጎጆ አዲስ፣ የአንዱ አሮጌ፣ የአንዲት አቅመ ደካማ ደግሞ የሚያፈስስ ነው። የእኛ ሠዓሊ ግን ሁሉንም በአንድ ቢጫ ቀብቷቸዋል። አሮጌ ክዳን አንድም የለም። መንደሩ በሙሉ በአንድ ሰሞን የተሠራ ይመስላል። በዚያ ላይ ጎጆዎቹ እኩል ተራርቀው፣ በቀጥታ መስመር፣ የመንገዱን ዳርና ዳር ይዘው ቆመዋል።

አንባቢ ሆይ፣ የአርሲ ጎጆዎች በአንድ ሰሞን ተሠርተው በመስመር የቆሙት መቼ እንደነበር ያስታውሳል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ሲሬ እንሂድ። ሲሬ ከአዳማ በዴራ በኩል አድርገው፣ ከአዋሽ ሸለቆ ሙቀት እየወጡ የሚደርሱባት፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚነገርባት፣ ዙሪያዋን ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ የሚታረስባት የደጋ ከተማ ናት። የእናቴ ትውልድ ቀዬ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ባለፈው ዓመት ሄጄ የሥዕሉን መንገድ ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ነው። «ዘመኑ ተለውጧል፤ ሥዕሉ የድሮውን ነው የሚያሳየው» ይባል ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ሽማግሌዎችን ስለ ድሮው መንገድ ጠየቅኩ። አንድ አባት ሳቁብኝ።

«የምን መንገድ ልጄ?» አሉ። «ድሮ ቤት ከቤት የት ተገናኝቶ?»

እውነታቸውን ነው። የአርሲ ገጠር የቀድሞ አሰፋፈር የተበታተነ ነበር። ቤት የሚቆመው ከእርሻውና ከከብቱ ዘንድ ነው፤ ጎረቤት የሚገኘው ተጣርተው ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚወስደው የሰው እግርና የከብት ኮቴ ያወጣው ቀጭን መንገድ ነበር፤ እሱም ይጠማዘዛል፤ ረግረጉን ይዞራል፤ ማሳውን ይታከካል። ግራና ቀኝ ቤት የተደረደረበት ጎዳና ከሌላ ቦታ የመጣ ነገር ነው። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ መጀመሪያ የንጉሥና የጦር ሠራዊት ሰፈር ማለት እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። አርሲ ለዓመታት ተዋግቶ በ1870ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ የሰፈሩት ወታደሮችና ሹማምንት ከተሞቻቸውን ቆረቆሩ። ጎዳናውም ከሹሙ ግቢ ወደ ገበያው የሚወስድ ሆነ። የገጠሩ ሰው ወደዚያ የሚመጣው ለገበያ፣ ለሙግትና ለግብር ነበር።

በገጠሩስ? በገጠሩ ጎጆዎች በሰፊው በሰልፍ የቆሙት በ1978 ዓ.ም. ነው። የመንደር ምሥረታ ዘመቻ! በሐረርጌና በባሌ ተጀምሮ በዚያ ዓመት አርሲን ያዳረሰው ዘመቻ ገበሬውን ከየቀዬው አንስቶ በአንድ ቦታ አሰባሰበው። ለአንድ አባወራ 1000 ካሬ ሜትር ቦታ ተለካ፤ መንገዱ በገመድ ተቀየሰ። ሰው የቤቱን ምሰሶና ማገር ነቅሎ፣ የክዳኑን ሣር ተሸክሞ፣ በተነገረው መስመር ላይ አቆመ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ወፍጮና የቧንቧ ውኃ እንደሚመጣ ተነገረ። አንዳንድ ቦታ መጣ፤ ብዙ ቦታ አልመጣም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ብዙዎች እንደገና ምሰሷቸውን ነቅለው ወደ ቀድሞ ቀያቸው ተመለሱ።

እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ የምናገረው ከቤተሰቤ የሰማሁትን ነው። አያቴ የተዛወረች ጊዜ ከሁሉ ያስቸገራት እርሻው መራቁ ነበር ይባላል። ቀድሞ ከደጃፏ ሆና ዝንጀሮ የምትጠብቅበት ማሳ፣ አሁን ተጉዛ የምትደርስበት ሆነ። ትምህርት ቤት ቀረበን ብለው ደስ ያላቸው ጎረቤቶች እንደነበሩም ሰምቻለሁ። ታሪኩ አንድ ወገን ብቻ የለውም። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ በሥዕላችን ላይ «ጥንታዊ» ተብሎ የቀረበው፣ ባለ አዲስ ክዳን ጎጆዎች በእኩል ርቀት የተሰለፉበት ቀጥ ያለ ጎዳና፣ በአርሲ ገጠር ምድር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚመስለው የደርግን ፕላን ነው! ሠዓሊው ይህን አስቦ እንዳላደረገው አምናለሁ። የአውሮፓን የመንደር ጎዳና ሥዕል ቅርጽ ወሰደ፤ ጡብ በነበረበት ሣር አለበሰው። ናፍቆቱ ግን ቀን ተሳሳተ። ሰዎች አልቅሰው የገቡበትን ሰልፍ፣ ተናፋቂ የአባቶች መንደር አድርጎ ሸጠልን።

ወደ ሽማግሌው እንለፍ። ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ በሬዎቹ ወደ እሱ ይመጣሉ። ሰላም የሰፈነበት ምሽት ነው። ግን በሬዎቹ የማን ናቸው? ማሳውስ? ሥዕሉ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. በፊት ያለውን ዘመን የሚያሳይ ከሆነ፣ ይህ ሰው ወይ ባለመሬት ነው፤ ወይ ጭሰኛ። መካከለኛ የሚባል ቦታ ጥቂት ነበር። የእናቴ አባት ጭሰኛ ነበር። እኩል አራሽ ማለት ምን እንደሆነ ከእናቴ ነው የተማርኩት፤ ዘር ከራስ፣ በሬ ከራስ፣ ጉልበት ከራስ፣ ሲወቃ ግን ግማሹ የሌላ።

አርሲ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለአነስተኛ ገበሬ ማድረስ ነበር ዓላማው። ስንዴው ጥሩ ያዘ፤ ምርት ጨመረ። ምርት ሲጨምር ግን መሬቱ ተወደደ፤ ባለመሬቱ ጭሰኛ ከማስተዳደር ትራክተር መግዛት አዋጭ መሆኑን አየ። በሺህ የሚቆጠሩ ጭሰኞች ከነቤተሰባቸው ተነቀሉ። ለገበሬው የታሰበ ልማት ገበሬውን አባረረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ሲፈቅድ፣ በዚያ አገር ደስታው ለምን ያን ያህል እንደነበረ የሚገባው ይህን ለሚያውቅ ሰው ነው። በሥዕላችን ያለው ሽማግሌ ከእነዚህ ዓመታት በየትኛው እንደተቀመጠ አናውቅም። ዘመን የለውም። «ድሮ» ውስጥ ነው የተቀመጠው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስተብል እ.ኤ.አ. በ1821 የሳለው «የድርቆሽ ጋሪ» የተባለው ዝነኛ ሥዕል ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ይገኛል። ጋሪ በጸጥተኛ ወንዝ ውስጥ ቆሟል፤ ጎጆ፣ ዛፍ፣ ሰፊ ሰማይ። በዚያው አካባቢ ግን በ1816 እና በ1822 የተራቡ የእርሻ ሠራተኞች ተነስተው መሣሪያ ሰብረዋል፤ እሳት ለኩሰዋል። ኮንስተብል የወፍጮ ባለቤት ልጅ ነበር። የሣለውም የአባቱን ወፍጮ አካባቢ ነው። ሠራተኞቹ በሥዕሉ ውስጥ አሉ፤ ግን ፊታቸው እንዳይታይ ሆነው፣ ከሩቅ፣ እንደ ነጠብጣብ። ሰማዩ ያምራል፤ ማንም አይክደውም። የሚያምር ሰማይ ግን ሰው መደበቂያ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ስለ እሷ የሚገባውን ያወቅኩት ከእናቴ ነው። አንድ ምሽት ይህን ጽሑፍ እያሰብኩ ሥዕሉ ፊት ቆሜ ሳለ ከኋላዬ መጣች።

«ይቺ ልጅ ውኃ አልቀዳችም» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቀጥ ብላለች እኮ! ሙሉ እንስራ ያዘለ ሰው ቀጥ አይልም።»

አሥር ዓመት ያየሁትን ሥዕል ያን ጊዜ ገና አየሁት። እናቴ እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ ያደገች ሰው ናት። ገመዱ ደረት ላይ ይጠብቃል፤ ወገብ ይጎብጣል፤ ዓይን ከመሬት አይነሳም። ባዶው እንስራ ራሱ ሸክም ነው። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ትቶ ልጅቷን እንደ ሙሽራ አስረዘማት፤ እንስራዋን እንደ ጌጥ አደረገላት። እናቴ ግን ሥዕሉን እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ወሬ ነው ያነበበችው።

«ባዶ እንስራ ይዛ፣ ጀንበር እየጠለቀች፣ ወዴት ነው የምትወርደው?» አለች። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ቶሎ ትመለስ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ለአንዲት የቀለም ልጅ የሰጋች እናት ሞኝ የምትመስለው ካለ፣ እንደ አርሲ ባሉ አገሮች ብቻዋን በመንገድ የምትሄድ ልጃገረድ ምን ያጋጥማት እንደነበር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤትም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ አሰናበታት። እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» መነሻው ይህ ነው። ነገሩ በደረሰ ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ ማምለጫ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ ነው። እንግዲህ በሥዕላችን ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ብቻዋን የምትሄደው ልጅ የምታልፈው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ሠዓሊው ብርቱካንማ ሰማይ ሰጣት። ከብርቱካንማው ሰማይ ቀጥሎ የሚመጣው ጨለማ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ሥዕል ሁሉ ሰቆቃ መሆን አለበት ወይ? ሰው ሳሎኑ ውስጥ ጠለፋና ግብር ይስቀል ትላለህ?» የሚል ነው። አልልም። በደርግ ዘመን የተቃራኒውን ውሸት አይተናል። በፖስተሩ ላይ ያለው ገበሬ ሁልጊዜ ጡንቻማ፣ ክንዱ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ከኋላው ሁልጊዜ ትራክተር ነበር። ያም ሰው አልነበረም። ሰቆቃን መሳል ብቻውን እውነት አያደርግም፤ ውበትን መሳልም ብቻውን ውሸት አያደርግም።

ደግሞም ናፍቆት መብት ነው። እናቴን ለምን እንደገዛችው ስጠይቃት የመለሰችልኝ ከእኔ ሒስ ይልቅ ይከብዳል። «ደጅ ላይ ሰው ስላለ» አለችኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ የተዘጉ የብረት በሮች አሉ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩትን ሰዎች የምናውቃቸው በጫማቸው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እናቴ የናፈቀችው እንስራውን አይደለም፤ ጭሰኝነቱንም አይደለም። የናፈቀችው ሲያልፉ «ደህና ዋልሽ?» የሚል ሰው ነው። ይህ ናፍቆት እውነተኛ ነው። ሥዕሉ በትክክል የሚናገረው ስለ ሲሬ ሳይሆን ስለ አራተኛው ፎቅ ነው። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። የዛሬውን የብቸኝነት ጥማት ለማርካት ሲል የትላንቶቹን ሰዎች ሸክም አራገፈ፤ ሸክማቸውን ሲያራግፍ ደግሞ ራሳቸውን አጠፋቸው።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሆላንዳዊው ዮሐንስ ቨርሜር እ.ኤ.አ. በ1658 ገደማ የሳላት «ትንሿ ጎዳና» ለዚህ ምስክር ናት። አምስተርዳም በራይክስ ሙዚየም ያለች አነስተኛ ሥዕል ናት፤ የአንድ አሮጌ ቤት ፊት ለፊት ብቻ። በበሩ አንዲት ሴት ትሰፋለች፤ በጓሮ መግቢያው ሌላዋ ጎንበስ ብላ ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች መሬት ላይ ይጫወታሉ። ፀጥታዋ የእኛን ሥዕል አሥር ጊዜ ያስከነዳል። ነገር ግን ቨርሜር በጡቡ ላይ ያለውን ስንጥቅና የተለሰነበትን ቦታ አልተወም። በ2015 የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪው ፍራንስ ክራይዘንሃውት ከ1667 የቀረጥ መዝገብ ተነስቶ ቤቱ የሠዓሊው አክስት ቤት ነው የሚል ማስረጃ አቀረበ። አክስትየዋ ጨጓራና አንጀት እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከ300 ዓመት በኋላ ቤቱ ተፈልጎ የሚገኘው ሠዓሊው ስንጥቁን ስላልሸፈነው ነው። የእኛን ሥዕል ይዞ ማንም ሰው የማንንም ቤት ሊያገኝ አይችልም።

ሩቅ አገር ብቻ እንዳልጠቅስ፣ ታደሰ መስፍን «የሕይወት ዓምዶች» በሚል በተከታታይ የሠራቸውን ሥዕሎች አንባቢ ቢያይ መልካም ነው። ገበያ ቆመው የሚውሉ ሴቶች ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ሸቀጥ ጥቂት ነው። ረዝመው፣ እንደ ስሙ እንደ ዓምድ ቆመው ይታያሉ። ያምራሉ፤ ግን የሚያምሩት ሥራቸው ተሰርዞ አይደለም። ከነሚዛናቸው፣ ከነድካማቸው ነው የከበሩት። የታደሰ ሴት ቀጥ ብላ ስትቆም የምትሸከመውን እናውቃለን። የእኛዋ ልጅ ቀጥ ያለችው እንስራዋ ባዶ ስለሆነ ነው።

በሲሬ መንገድ ላይ እንስራ ብዙ አላየሁም። ያየሁት ቢጫ ጀሪካን ነው። ሃያ ሊትር የሚይዘው፣ ዘይት የመጣበት፣ በአህያ፣ በጋሪ፣ አሁንም በሴት ጀርባ የሚሄደው ጀሪካን። ከእንስራ ይቀላል፤ ወድቆ አይሰበርም፤ የብዙ ሴት ወገብ አሳርፏል። በቸርችል ጎዳና ሱቆች ግን አንድም ሠዓሊ ስሎ አላየሁትም። «ለሥዕል አይሆንም» ይሉ ይሆናል። ለምን አይሆንም? ያ ቢጫ በደጋ ፀሐይ፣ ዝገት ከያዘ ቆርቆሮ ፊት ለፊት፣ ከክዳኑ ሁሉ ወርቅ የበለጠ ያበራል። ጭሱን እንዲያ አድርጎ የሳለው እጅ ይህንንም አይሳነውም።

ሥዕሉ አሁንም ሳሎናችን ውስጥ ነው። እናቴ አውርጂው ብላት እሺ አትልም፤ እኔም አልልም። ይህን ጽሑፍ ግን አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ተነስታ ወደ ሥዕሉ ቀረበችና ከሽማግሌው ጎጆ በስተቀኝ፣ ሠዓሊው ባዶ ሜዳ ያደረገውን ቦታ በጣቷ ነካችው። «የእኛ ቤት እዚህ ጋ ነበር» አለች። «ክዳኑ ያፈስስ ነበር።»